አንዴ ብቻ ያጋደለች ሚዛን



ባለፈው እሑድ ቁም ሳጥን ሳስተካክል የድሮ ፎቶዎች የታጨቁበት የብስኩት ጣሳ እጄ ገባ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ ጣሳውን ተቀብሎኝ ምንጣፍ ላይ ዘረገፈውና አንድ በአንድ እያነሳ «ይቺ ማን ናት? ይሄስ ማነው?» እያለ ያደርቀኝ ጀመር። አንዱ ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ፎቶው የአያቴ ነው። ሸሕዲ ውስጥ በሱቃቸው ደጃፍ ቆመው የተነሱት ነው። ካኪ ኮት ለብሰዋል፣ ዝናር ታጥቀዋል፣ በትከሻቸው ላይ ረጅም ምንሽር አንግተዋል። ከኋላቸው፣ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ፣ ሁለት ሳህን ያለው የሱቅ ሚዛን ይታያል።

«እማዬ፣ እኚህ ሰውዬ ሰው ገድለው ያውቃሉ?» አለኝ።

«አያውቁም» አልኩት ቶሎ ብዬ።

«ታዲያ ጠበንጃው ምን ያደርግላቸው ነበር?»

ቡና ልጥድ ነው ብዬ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። መልሱ ረጅም ስለነበረና በውስጡ ቤተሰባችን ብዙም የማያነሳው ነገር ስላለ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ሰንብቼ ዛሬ ለእናንተም ላወራችሁ ወሰንኩ። ብዙዎቻችን ግድግዳ ላይ ወይም ጣሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ አለንና።

ሸሕዲን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በጭልጋዋ አይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ወደ ሱዳን የሚወርደው መንገድ ድንበር ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት ከተማ ናት። በመንግሥት ወረቀት ገንዳ ውኃ ትባላለች፤ ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ለእኛ ግን ያው ሸሕዲ ናት። ከእሷ ወረድ ብሎ ኮኪት፣ ከዚያ መተማ ዮሐንስ፣ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የሱዳኗ ጋላባት አለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ስለማያስተኛ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚያድረው። እኔም እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደግኩት እዚያው በአያቶቼ ቤት፣ ማታ ማታ ኮከብ እየቆጠርኩ ነው።

ያ አገር ንግድና ጠበንጃ አብረው ያደጉበት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከደጋው የሚወርደው ቡናና ሰም ከሱዳን ከሚመጣው ሸቀጥ ጋር የሚገናኝባት ትልቅ ገበያ ነበረች፤ የሚያሳዝነው ሰውም ይሸጥባት ነበር። በዚያው ስፍራ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀረች። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ጋላባትና መተማ ላይ ተታኩሰዋል። የመንገዱን ስሞች ብትሰሙ፣ አንዱ ነጋዴ ባሕር፣ አንዱ መተማ ዮሐንስ ነው። አንዱ በነጋዴ፣ ሌላው በጦር ሜዳ በወደቀ ንጉሥ ተጠርቷል። አባባም እንደ አገራቸው ነበሩ።

አባባ ከጭልጋ ደጋ በወጣትነታቸው አንዲት አህያና ሁለት ስልቻ ጨው ይዘው ነው ወደ ቆላ የወረዱት። እኔ ሳውቃቸው ሱቅ ነበራቸው። ግድግዳው ሽመል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚረጭበት አፈር ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ኮንጎ ጫማ፣ አቡጀዲ፣ ከሱዳን የሚመጣ ሽቶና ከርከዴ፣ በክረምት ደግሞ የወባ ኪኒን ይሸጡ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ነጋድራስ» ይላቸዋል። ጥንት የነጋዴዎች አለቃ ማዕረግ የነበረውን ስም ለባለ አንድ ሱቅ ሲሰጡት ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ አክብሮት ነው።

አክብሮቱ ከሚዛኗ የመጣ ነው። አባባ ሲመዝኑ ሁለቱ ሳህኖች እኩል እስኪቆሙ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ምርቃት ይጨምራሉ። ሁልጊዜ። ለሕፃን የተላከ ሩብ ኪሎ ስኳር ላይም ይጨምራሉ። «ሕፃን ሲላክ እናቱ ቤት ሆና እያየች ነው» ይሉ ነበር።

ዱቤም ይሰጡ ነበር። የሰሊጥ አገር ያለ ዱቤ አይኖርም። ሰሊጥ በሰኔ ማለቂያና በሐምሌ ይዘራል፤ በነሐሴ አረም ይበረታል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይታጨዳል። ታጭዶ በየነዶው ታስሮ ሂላ ሆኖ ይቆምና ሲደርቅ ይራገፋል። አጨዳው ቀኑ ካለፈው ፍሬው መሬት ላይ ረግፎ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋ ለሚጎርፉት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ ለምንላቸው፣ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ገንዘቡ ደግሞ የሚገኘው ከነጋዴ ነው። ሲታጨድ ይመልሳል። ዝናቡ ከከዳው፣ አረሙ ከቀደመው ወይም ወባ ከጣለው ነጋዴው ደጃፍ መጥቶ ራሱን እያሻሸ ይቆማል። አባባ በዚህ ጊዜ መዝገባቸውን ገልጠው ያዩና «ለሚመጣው ዓመት አዛውረነዋል» ብለው ይከድኑታል። እንዲህ የተዛወረ ዕዳ ገጾች ይሞላ ነበር።

እንግዲህ ይህ የሚዛኑ አባባ ነው። የጠበንጃው አባባ ደግሞ ዓርብ ማታ ይመጣል።

ዓርብ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ፋኖሱ ሥር ሰሌን ይነጠፋል። አባባ ጓንዴያቸውን ከግድግዳ አውርደው በዘይት የነከሩትን ጨርቅ በቀጭን ብረት አፈሙዙ ውስጥ እያስገቡ ይወለውላሉ። ጓንዴው አሮጌ ነው፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። እሳቸው ግን እንደ አራስ ልጅ ነው የሚይዙት። ወንድሜና እኔ ከጎንና ከጎን ተቀምጠን ትምህርታችንን እንቀበላለን። ስናድር፣ ውጅግራ፣ አልቢን፣ ዲሞትፈር፣ ምንሽር። ስሞቹን በቃሌ የያዝኩት ከማባዣ ሰንጠረዥ በፊት ነው። ኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ሳነብ ስናድር ስናይደር፣ ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ምንሽርም ማንሊኸር ከተባለው የኦስትሪያ ጠበንጃ ሠሪ ስም የመጡ መሆናቸውን ሳውቅ ቅር አለኝ። ለእኔ የቋራና የጭልጋ ጀግኖች ስም ነበሩ።

አባባ ስለ ጠበንጃ ሲያወሩ ቋራ ላይ ሳይደርሱ አያቆሙም። የቋራው ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በግብጾች መድፍ ሲመታ ምን እንደተማረ፣ ኋላም ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠርቶ መቅደላ ድረስ እንዴት እንዳስጎተተ ይተርካሉ። «ጎበዝ በባዶ እጁ አይሆንም» ብለው ሊደመድሙ ሲሉ እማማ ከጓዳ ድምፅዋን ታሰማለች።

«ያንን ካሳን ያሳደገው መድፍ ነው እንዴ? እናቱ ኮሶ ሸጣ አይደል ያሳደገችው ይባል የነበረው!»

አባባ ይስቃሉ። «እሱስ ልክ ነሽ» ይላሉ። ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት የነበረውን ንጉሥ እማማ የንግድ ሰው አድርጋ ታስቀረዋለች። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ወሬው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

አባባ ጠበንጃ የወደዱት ለምን ነበር? ሰው ለማስፈራራት አልነበረም። ነጋዴ በዚያ አገር ለረጅም ጊዜ የሚናቅ ሰው ነበር። ባላገሩ ቢበደረውም፣ ቢፈልገውም፣ ከአራሹና ከጦረኛው በታች ነው የሚያየው። አባባ ሚዛን ይዘው ከበሬታ አገኙ፤ ግን በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ላይ፣ ጎበዞች ተሰልፈው ሲተኩሱ በሽቦ የታሰረች ጓንዴ ይዞ መቆም ያንገበግባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ክላሽ በየመንደሩ ፈሰሰ፤ እሳቸው ግን ክላሽን አልወደዱም። «ዝናብ ነው እንጂ ጠበንጃ አይደለም» ይሉ ነበር። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ረጅም ምንሽር።

ምንሽሩ በ1985 ዓ.ም. ክረምት ላይ በራሱ እግር መጣ።

ይዞት የመጣው ወደ ሽንፋ መንገድ ላይ መሬት ያለው ገበሬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ አሉ። ለአራሚዎች የሚከፍለው ገንዘብ አልቆበታል፤ ከአባባ ከዚያ በፊት የወሰደውም አልተከፈለም። ስለዚህ የአባቱን ጠበንጃ መያዣ አድርጎ አስቀመጠ። አባቱ በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ፤ ሰደፉ ላይ ትንሽ መስቀል ቀርጸውበታል። እስከ ኅዳር ገንዘቡን ካልመለሰ ጠበንጃው የአባባ እንዲሆን ተስማሙ፤ ሁለት ሰዎችም መሰከሩ። አባባ በዚያን ዕለት ማታ ፋኖሱ ሥር ምንሽሩን ሲያገላብጡ ያየሁት ፊት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ልጅ ሆኗል።

በዚያ ዓመት ሰሊጡ ከዳ። ሰውየው በኅዳር ባዶ እጁን መጣ። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ክብሪት እየደረደርኩ ነበር።

«ነጋድራስ፣ የሚመጣውን ምርት ይታገሱኝ» አለ።

አባባ መዝገቡን ገለጡ። ለሁሉም ሰው እንደሚሉት «አዛውረነዋል» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። መዝገቡን ትክ ብለው አዩና «ቀኑ አልፏል» አሉት።

«የአባቴ ነው።»

«ውል ውል ነው፣ ወንድሜ።»

ሰውየው ሌላ ቃል አልተናገረም። ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ምንሽር አየና «ዘይቱን አትርሱበት፤ ቆላ ነው፣ ቶሎ ይዝጋል» ብሎ ወጣ። ጠበንጃው ዕዳውን ሦስት አራት እጥፍ ያወጣል። ይህን እኔ በልጅነቴ አላውቅም ነበር፤ አባባ ግን በደንብ ያውቁ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከጎንደር ፎቶ አንሺ መጣ። አባባ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ምንሽሩን አንግተው፣ ሱቁ ደጃፍ ቆሙ። ልጄ ያየው ፎቶ ያ ነው። እንግዲህ ፎቶው ላይ ያለው ጠበንጃ የአባባ አይደለም።

እማማ በዚያን ጊዜ ብዙ አልተናገረችም። አንድ ማታ ብቻ እራት አቅርባ ውኃ እያስታጠበች «የሰው አባት ግድግዳችን ላይ ሰቅለው እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አለቻቸው። አባባ አልመለሱም። ከዚያ በኋላ ዓርብ ማታ ከጓዳ የሚመጣው ድምፅ ጠፋ። ስለ ካሳ ሲወራም እማማ ስለ ኮሶ አላነሳችም። ይህ ዝምታ ቤቱን እንዴት እንደከበደው ልነግራችሁ አልችልም።

ሰውየው ምን ላይ እንደወደቀ የሰማነው በኋላ ነው። በዚያ በረሃ ጠበንጃ ለጌጥ ብቻ አይያዝም። ማሽላ ሲያሽት ሌሊት ከርከሮ፣ ቀን ዝንጀሮ ይመጣል፤ ሂላው ሲቆም ሌባ አለ። ገበሬ ማማው ላይ ተቀምጦ አልፎ አልፎ አንዲት ጥይት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ አዝመራውን የሚያድነው ያ ድምፅ ነው። ሰውየው በ1986 ዓ.ም. ክረምት ይህ አልነበረውም። የማሽላውን ግማሽ አውሬ በላው። በመስከረም እሱ ራሱ ሳሉግ ሆኖ የሰው ሰሊጥ ሊያጭድ ሄደ። ባለ መሬት የነበረ ሰው ማለት ነው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። አባባ አንድ ሠርግ ላይ ተጠርተው ምንሽሩን ይዘው ሄዱ። እንደ አገሩ ልማድ ሙሽራው ሲገባ ተኮሱ። ሰውም «ነጋድራስ!» ብሎ አጨበጨበላቸው። ማታ ሲመለሱ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ጠላም ቀምሰዋል። ካዝናውን ባዶ አድርገው ጠበንጃውን ሰቀሉት። አንዲት ጥይት ግን ጎርሶ ነበር። አላዩዋትም።

በማግስቱ ወንድሜና እኔ ሱቅ ውስጥ «ሽፍታና ነጋዴ» እንጫወታለን። እሱ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ እኔ ዘጠኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሚዛኑ ጀርባ ተቀምጬ አፈር እመዝናለሁ። እሱ በርጩማ ላይ ወጥቶ ምንሽሩን አወረደ። ከብዶታል። ሰደፉን ሆዱ ላይ አስደግፎ ወደ እኔ አነጣጠረና «ገንዘብሽን አውጪ!» አለ። እኔም እንደ አባባ ድምፄን አወፍሬ «ቀኑ አልፏል!» አልኩት። ሳቀና ቃታውን ሳበ።

ድምፁን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ጀርባዬ ላይ ሲፈስ የተሰማኝን ነገር ነው። ደም መስሎኝ ነበር። ስኳር ነው። ጥይቷ ከራሴ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፋ ኋላዬ ያለውን የስኳር ጆንያ በስታዋለች። ጆሮዬ ለቀናት ሲጮህ ሰነበተ። ወንድሜ ጠበንጃውን ጥሎ፣ ግድግዳ ጥግ ተጣብቆ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ድምፅ አልወጣውም።

አባባ ሮጠው ገቡ። ወንድሜን ይገድሉታል ብዬ ነበር። አልነኩትም። እኔን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱኝ፤ ሁለታችንን አቅፈው የፈሰሰው ስኳር ላይ ተቀመጡ። ሰው እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ከዚያ በፊት አላየሁም። ማታ እራት አልበሉም። እማማም አልተናገረችም። ቀስ ብላ ስኳሩን ከአፈሩ ስትለይ አመሸች።

ጎህ ሲቀድ አባባ ቀሰቀሱኝ። ምንሽሩን አነገቱ፣ መዝገቡን ብብታቸው ሥር አደረጉ፣ እኔን አህያ ላይ አስቀምጠው በሽንፋ መንገድ ወጣን። ፀሐይ ሳይበረታ ደረስን። ሰውየው ቤቱ ነበር፤ ወባ ጥሎት ከአጨዳ ተመልሷል። አባባ ጠበንጃውን በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

«በድዬሃለሁ። ጠበንጃህን እንካ» አሉ።

«ዕዳውስ?» አለ ሰውየው።

«ዕዳው አለ። ስታገኝ ትከፍላለህ።»

ስለዚህች መልስ ለዓመታት አስቤያለሁ። ዕዳውን ለምን አልሰረዙለትም? ኋላ እንደገባኝ፣ ቢሰርዙለት ኖሮ ምጽዋት ይሆን ነበር። እሳቸው ሊሰጡት የፈለጉት ለሌላው ሁሉ የሰጡትንና ለእሱ ብቻ የነፈጉትን ነገር ነው፤ ጊዜ። ሰውየው ጠበንጃውን ተቀበለ። አፈሙዙን አየ፣ ሰደፉ ላይ ያለውን መስቀል በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ግቡ» አላለንም። ሚስቱ ግን ለእኔ ውኃ በጣሳ አመጣችልኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ዕዳው እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተከፈለ። ገንዘቡን ያመጣው የወንድሙ ልጅ ነው። ሰውየው ራሱ ወደ ሱቃችን ዳግመኛ አልመጣም። አባባ የገበያ ቀን ሲሆን በር በር ያዩ እንደነበር አውቃለሁ። በሠርግም በለቅሶም ከዚያ ወዲያ አልተኮሱም። ጓንዴያቸውን ግን ዓርብ ዓርብ መወልወላቸውን አልተዉም። ፍቅር እንዲህ በቀላሉ አይተውም። እማማ ግን ጥይቶቹን ሰብስባ በርበሬ በምታስቀምጥበት ሣጥን ቆለፈችባቸው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አሰረችው። ስለ ካሳና ስለ ኮሶ የሚመጣው ድምፅም ተመለሰ።

አባባ ያረፉት በሽምግልና፣ በአልጋቸው ላይ ነው። ለቅሶው ላይ ብዙ ተተኮሰ። ከሰዓት በኋላ ያ ሰው መጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ምንሽሩን ይዟል፤ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆታል። አልተኮሰም። ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ተቀምጦ፣ እማማን ጉልበቷን ስሞ ሄደ። ይቅር ብሏቸዋል? አላውቅም። መምጣቱን ግን አውቃለሁ።

ዛሬ የአባባ ጓንዴ አጎቴ ዘንድ ነው። ባለፈው ሁሉም ሲሰበሰብ ስለ እሱ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዱ «ይሸጥ» አለ፣ አንዱ «የአባት ቅርስ አይሸጥም» አለ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ «ጠበንጃ ምን ያደርጋል?» ልል ስል አጎቴ አቋረጠኝ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን በጦርነት ላይ ናት፤ ስንት ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቷል። በራሳችንም በኩል ግጭቱና እገታው መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። «አንቺ የምትተኚበትን ሌሊት እኔ አልተኛውም» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚያ ላለ ሰው እዚህ ሆኜ ምክር መስጠት አልደፍርም።

ነገር ግን መሣሪያ ቤት ውስጥ ላለባችሁ አባቶችና አያቶች ከዚያች የስኳር ጆንያ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ካዝናው ባዶ ስለሆነ ጠበንጃው ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ የጎረሰ ጥይት መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አትስቀሉት። መሣሪያውና ጥይቱ አንድ ቦታ አይደሩ፤ ሁለቱም ይቆለፉ። ልጅ የማይደርስበት ቦታ የለም፤ በርጩማ አለ። «ልጄ አይነካውም» አትበሉ፤ ወንድሜ ጨዋ ልጅ ነበር። በሠርግና በክርስትና ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ መሬት ላይ ይወርዳል፤ የት እንደሚወርድ ተኳሹ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ያዝዛል። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለቤት አይደለምና ባለቤቱ ሲያርፍ «የአባቴ ነው» ብሎ ዝም ብሎ መውረስ የለም፤ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ። እኛም ይህን አድርገናል።

ወደ ልጄ ልመለስ። ትናንት ማታ ፎቶውን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ሚዛኑን፣ ምርቃቱን፣ ውሉን፣ ጥይቷን፣ የሽንፋውን መንገድ። «ሰው አልገደሉም» አልኩት፤ «ግን አንድ ሰው በድለዋል፤ ያውም ሳይተኩሱ»። የሚያፍርባቸው መስሎኝ ነበር። ፎቶውን ጠጋ አድርጎ አየውና ትንሽ አሰበ።

«ያ ሰውዬ ወደ እናንተ ሱቅ ካልመጣ ታዲያ ስኳር ከማን ይገዛ ነበር?»

«ከሌላ ሱቅ» አልኩት።

«እነሱ ምርቃት ይጨምሩለታል?»

«እንጃ» አልኩት።

ፎቶውን ወደ ጣሳው አልመለሰውም። ጠረጴዛው ላይ፣ መጻሕፍቱ አጠገብ አቆመው። እኔም እንዲቆም ተውኩት።

ቸር እንሰንብት።